የቆዳ መስፊያ መኪና ልትገዙ ነው? እባካችሁ ሞተሩን ተዉት

የስፌት መኪና እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ቦርሳ ሊሠራ ያሰበ ሰው ሁሉ ይደውልና መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጋሼ፣ ሞተሩ ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ከዚያ ወፍራም ቆዳ ጉልበት ያለው ሞተር እንደሚፈልግ ያስረዳኛል። ለኔ! ሰለቸኝ። እዚህ ልጻፈውና ለሚደውል ሁሉ ይሄንኑ ልላክለት።

ሞተር ቆዳ አይሰፋም። ሞተር መዘውሩን ያዞራል፣ አለቀ። ቆዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው መርፌው አልገባ ማለቱ ሳይሆን ቆዳው አልሄድ ማለቱ ነው። ተራው የልብስ መኪና ጨርቁን የሚገፋው ከታች ባለው ጥርስ ብቻ ነው። እግሩ ከላይ ዝም ብሎ ይጫናል። ጨርቅ ከሥሩ ይንሸራተትለታል። ቆዳ ግን እግሩ ላይ ይያዛል፤ የታችኛው ድርብ ሲሄድ የላይኛው ወደኋላ ይቀራል፣ ስፌቱ አንዱ ጋ ረጅም ሌላው ጋ አጭር ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጠርዞች አይገናኙም። ቆዳው ሲጎተት ደግሞ መርፌውን ያጎብጠዋል፣ መርፌው ብረቱን መትቶ ይሰበራል። ይሄን ሁሉ አይቶ ሰውየው «ሞተሩ ደካማ ነው» ይላል።

ቀበቶና ቦርሳ የሚሠራ አንድ ደንበኛዬ ለዚሁ ችግር ሞተር ሲቀያይር ከርሞ መጣ። ሞተሩን ከሶኬት ነቀልኩና መዘውሩን በእጄ እያዞርኩ ሰፋሁለት። ያው ላይኛው ቆዳ ወደኋላ ቀረ። ያኔ ነው የገባው።

የሚያስፈልገው ዎኪንግ ፉት የሚባለው ነው፤ ያውም መርፌው ጭምር አብሮ የሚሄደው። እግሩ ሁለት ነው። መርፌው ቆዳው ውስጥ እንዳለ፣ መርፌው፣ የውስጠኛው እግርና የታችኛው ጥርስ አንድ ላይ ቆዳውን ወደኋላ ይወስዱታል። ከዚያ የውጭው እግር ቆዳውን ይዞ ሲቆይ እነሱ ይመለሳሉ። አንዳንድ ሻጭ መርፌው የማይንቀሳቀሰውንም በዚሁ ስም ይሸጣል። ስለዚህ መዘውሩን ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሩና መርፌው ወደፊትና ወደኋላ መሄዱን በዓይናችሁ እዩ።

ፍጥነትም ያታልላል። ጁኪ ዲዲኤል 8700 የልብስ መኪና ነው፣ በደቂቃ እስከ 5,500 ስፌት ይመታል። ለቆዳ የሚሆነው የጁኪው ዲኤንዩ 1541 ግን 2,500 ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ትልቁ የስፌት ርዝመት 4 ሚሊ ነው፣ ሁለተኛው እስከ 9 ይሄዳል። በጣም የተጠጋጋ ስፌት ቆዳን እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳዋል፣ ትንሽ ሲጎተት እዚያው ላይ ይቀደዳል።

ሞተር የሚጠቅመው ቀስ ብሎ ለመሄድ ነው። የድሮው ክላች ሞተር ሰፋችሁም አልሰፋችሁም እየጮኸ ይዞራል፣ ፔዳሉን ስትነኩት ይዘላል። ሰርቮ የሚባለው አዲሱ ሞተር ግን ፔዳሉን ስትረግጡ ብቻ ይዞራል፣ መብራትም ይቆጥባል። በዝግታ ሲሄድ ጉልበት ካነሰው፣ ዋት ከመጨመር ይልቅ ፍጥነት የሚቀንስ መዘውር አስገቡለት። ሦስት ለአንድ የሆነው፣ ማለትም ሞተሩ ሦስቴ ሲዞር መኪናው አንዴ የሚዞርበት፣ ጉልበቱን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋዋል።

ሌሎቹን የተሳሳቱ አባባሎች በአጭሩ።

«የድሮው ሲንጀር ብረት ነው፣ ሁሉን ይሰፋል።» ብረት መሆኑስ ብረት ነው። የሚገፋው ግን ያው ከታች ባለው ጥርስ ነው። ስስ የበግ ቆዳ ይሰፋ ይሆናል፣ ቀበቶ ግን አትሞክሩበት።

«ትልቁን ከገዛሁ ሁሉን እሠራበታለሁ።» አትሠሩም። የኛ አገር የበግ ቆዳ ለጓንት የሚፈለገው ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ነው። ለኮርቻ የተሠራ መኪና ላይ ስታስገቡት መርፌው ይቦረቡረዋል፣ ጥርሱም ምልክት ይተውበታል። ጃኬትና ኮርቻ ባንድ መኪና አይሆንም።

«የክር ቁጥሩ ሲተልቅ ክሩ ይወፍራል።» መርፌ ላይ አዎ፣ ቁጥሩ ሲተልቅ መርፌው ይወፍራል። በቲኬት ቁጥር የሚሸጥ ክር ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ 20 ከ40 ይወፍራል።

«የቆዳ መርፌ ለወፍራም ነገር ሁሉ ነው።» ጫፉ ስለት ነው፣ ይቆርጣል። የመኪና ሸራ ወይም ድንኳን ላይ ስትጠቀሙበት የጨርቁን ክር ይበጥሳል። ለሸራ ክብ ጫፍ ያለውን ግዙ።

ለመግዛት ስትሄዱ የራሳችሁን ቆዳና ክር ያዙ። ሻጩ የሚሰጣችሁ ቁራጭ ሁልጊዜ ስፌቱ የሚያምርበት ነው። ቦርሳችሁ ላይ በጣም የሚወፍረውን ቦታ፣ ማንገቻው የሚያያዝበትን፣ እዚያው ደራርባችሁ አሰፉ። ከስሱ ወደ ወፍራሙ ስትወጡ የስፌቱ ርዝመት ካጠረ አትግዙ። ገልብጣችሁም የታችኛውን ክር እዩ።

አሜሪካ ዘመድ አለኝ፣ ያገለገለ ይልክልኛል ለምትሉ ደግሞ፣ ጠረጴዛውንና ሞተሩን እዚያው ይተውላችሁ። ሞተሩ ብዙ ጊዜ የ110 ቮልት ነው፣ እዚህ ያለ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ጭንቅላቱን፣ የሚሰፋውን ክፍል፣ ብቻ ይላክ፣ ብቻውንም ቢሆን ከባድ ነው። ሰርቮውን እዚህ በ220 እንገጥምለታለን።