ስለ ጨረቃ ብርሃን በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

«ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ የፀሐይን ታንጸባርቃለች» እየተባልን ነው የተማርነው። ልክ ነው። ችግሩ «ታንጸባርቃለች» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መስታወት መሆኑ ነው።

«ጨረቃ እንደ መስታወት ናት»

ክብ መስታወት ብትሆን ኖሮ የምናየው አንዲት ጭላንጭል ነጥብ ብቻ ነበር። የገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውን የሚያብረቀርቅ ኳስ አስቡት። የጨረቃ ገጽ ግን በደቃቅ ብናኝ የተሸፈነ ነው። የቅንጣቶቹ አማካይ መጠን ከሚሊሜትር አንድ አስረኛ በታች ነው። ነፋስና ወራጅ ውሃ ስለሌለ የሚያለሰልሳቸው የለም፤ ሹል፣ ጎርባጣና ቅርጸ ቢስ እንደሆኑ ይኖራሉ። ብርሃን እዚያ ላይ ሲያርፍ በየአቅጣጫው ይበተናል።

«ጨረቃ ነጭ ናት»

የሚያርፍባትን ብርሃን 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የምትመልሰው። ያረጀ አስፋልት ማለት ነው። ነጭ የምትመስለን በድቅድቅ ሰማይ መሃል ስለምናያት ነው።

«ግማሽ ጨረቃ የሙሉዋን ግማሽ ታበራለች»

እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ግማሽ ጨረቃ የምትሰጠን ብርሃን የሙሉዋን አንድ አስረኛ ገደማ ብቻ ነው!

ምክንያቱን ለማየት ጠዋት ወደ ታረሰ ማሳ ሂዱ። ፊታችሁን ወደ ፀሐይ ስታዞሩ እያንዳንዱ ጓል ጥላውን ወደ እናንተ ይጥላል፤ ማሳው ጠቆር ይላል። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስትሰጡ ግን ጥላው ሁሉ ከጓሉ ኋላ ይደበቃል፤ ማሳው ይፈካል። በራሳችሁ ጥላ ዙሪያ ደግሞ ይበልጥ ይደምቃል። የአፖሎ ተጓዦች ጨረቃ ላይ ባነሷቸው ፎቶዎችም ይኸው ድምቀት ይታያል።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ከጀርባችን ናት። የእያንዳንዷ ቅንጣት ጥላ ይደበቅብናል። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሁጎ ፎን ዜሊገር በ1887 እ.ኤ.አ. የፕላኔቷ ሳተርን ቀለበቶች ፀሐይ ከጀርባችን ስትሆን ለምን እንደሚደምቁ ያስረዳው በዚሁ ነው። ሙሉ ጨረቃ ጠርዟ ሳይደበዝዝ እንደ ሰሃን ዝርግ መስላ የምትታየውም ገጿ ሸካራ በመሆኑ ነው።

«የጨረቃ ብርሃን ያው ደከም ያለ የፀሐይ ብርሃን ነው»

ብርሃን ሞገድ ነው። ከፀሐይ ሲመጣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይርገበገባል። ቅንጣት ነክቶት ሲበተን ግን አንዱ አቅጣጫ ያይላል። ፖላራይዝድ ሆነ የሚባለው ያኔ ነው። በጨረቃ ላይ ይህ የሚበረታው በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ነው።

ጥቁር የሚመስሉት የጨረቃ ሜዳዎች ከነጣ ካሉት ተራሮች ይበልጥ ፖላራይዝድ ያደርጋሉ። ጥቁር ቅንጣት ውስጥ የገባ ብርሃን እዚያው ተውጦ ይቀራል፤ ወደኛ የሚደርሰው በአመዛኙ አንዴ ብቻ ነጥሮ የወጣው ነው። ነጣ ባለው ውስጥ ግን ብርሃኑ ከቅንጣት ቅንጣት ሲላጋ ይቆይና አቅጣጫው ተደበላልቆ ይወጣል። ይህን ሕግ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኡሞቭ በ1905 እ.ኤ.አ. አስቀምጦታል።

ሙሉ ጨረቃ ስትቃረብ ደግሞ ያየለው አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ይዞራል። ይህን በ1920ዎቹ የለካው ፈረንሳዊው በርናር ሊዮ ነው።

«ቅንጣቱን ክብ ነው ብሎ ማስላት ይበቃል»

ብርሃን በቅንጣት ላይ እንዴት እንደሚበተን ስናሰላ ይህ ለፕላኔቷ ቬነስ ደመና ይበቃል። ሃንሰንና ሆቨኒር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 እ.ኤ.አ. ከፖላራይዜሽኑ (ብርሃኑ ምን ያህል ፖላራይዝድ እንደሆነ) ተነስተው ደመናው 1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ራዲየስ ያላቸው የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታዎች መሆኑን አሳይተዋል። ጠብታ ክብ ስለሆነ ስሌቱ ሠራ። ለጨረቃ አፈር ግን አይሠራም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ቅርጸ ቢስ ቅንጣቶችን በኮምፒውተር ይሠራሉ፤ ላቦራቶሪም ውስጥ እውነተኛ ብናኝ ላይ ብርሃን እያበሩ ይለካሉ። በቴሌስኮፕ እንደ ነጥብ ብቻ የምትታይ አስትሮይድ (ፀሐይን የምትዞር ትንሽ አለታማ አካል) ገጿ ምን ያህል ጥቁር እንደሆነ፣ ከዚያም ምን ያህል እንደምትገዝፍ፣ ማንም ሳይደርስባት ከፖላራይዜሽኗ መገመት የተቻለው በዚህ መንገድ ነው።