ማስተሪንግ ምንድን ነው? ሸክላ ከሲዲ ይበልጣል ለምትሉ

«ሸክላው ከሲዲው የሚያምረው አናሎግ ስለሆነ ነው» የሚል አስተያየት መጻፉ አልቆመም፤ አናሎግ ማለት ድምፁ እንደ ሲዲው ወደ ቁጥር ሳይለወጥ የተያዘ ማለት ነው። የአድማጩ ጆሮ አልተሳሳተም፤ ምክንያቱ ነው የተሳሳተው። በጸጥታና በጩኸት መካከል ሲዲ 96 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይይዛል፤ ጥሩ ሸክላ 70 ቢደርስ ነው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማስተሪንጉ ነው፤ ማለትም ተቀላቅሎ ያለቀው ዘፈን ከመታተሙ በፊት ድምፁ ለመጨረሻ ጊዜ ከሚስተካከልበት ሥራ። የሚወጣው የመጨረሻ ቅጂ ማስተር ይባላል።

ዲጂታል ድምፅ የማይታለፍ ጣሪያ አለው፤ ዜሮ ዲሲቤል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በታች በ−1፣ −2 እያለ ይቆጠራል። በዚህ ጣሪያ ሥር የቆሙ ሰዎችን አስቡ፤ ከበሮው ረጅም ሰው፣ ድምፃዊው መካከለኛ፣ ክራሩ አጭር ነው እንበል። አልበሙ ከሌላው ጮክ ብሎ እንዲሰማ ሲፈለግ ወለሉ ወደ ላይ ይገፋል። ክራሩ ከፍ ይላል፤ ከበሮው ግን መሄጃ የለውምና ሊሚተሩ፣ ማለትም ድምፅ ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚጫነው መሣሪያ፣ ያጎብጠዋል። አሁንም ከተገፋ አናቱ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይሻክራል። የሮክ ባንዱ ሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ሲዲው እንዲህ ተጨፍልቆ ነበር። ለ«ጊታር ሂሮ» ጨዋታ የቀረቡት የዚያው አልበም ዘፈኖች ግን ከበሯቸው አልጎበጠም። ሁለቱም ዲጂታል ናቸው፤ ታዲያ አናሎግ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ሸክላ ማስተሩን በግድ ይገራዋል። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) በግራና በቀኝ ድምፅ ማጉያ ከተበታተነ መርፌው ሊዘል ስለሚችል ወደ መሃል ይሰበሰባል። የ«ሰ» ፉጨት ይለዝባል፤ በተለይ ወደ ሸክላው እምብርት በተጠጉት ዘፈኖች ላይ፣ እዚያ ድምፁ ቶሎ ስለሚበላሽ። አንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ ብዙ ካለፈ መስመሮቹ ይጠባሉና ድምፁን መቀነስ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ከተጨፈለቀው የሲዲ ማስተር በቀጥታ የተቀረጹ ሸክላዎች ሞልተዋል። የዳይናሚክ ሬንጅ መለኪያውም (የድምፁን ጫፎች ከአማካዩ ጋር አነጻጽሮ ቁጥር የሚሰጠው ፕሮግራም) በሸክላ ቅጂ ላይ አይታመን፤ ሸክላ ላይ መቀረጹ የሞገዱን ጫፎች ስለሚለውጥ፣ የጎበጠው ሳይቃና ቁጥሩ ያድጋል።

ከካሴት ተቀድቶ «ሪማስተርድ» (ዳግም ማስተር የተደረገ) የሚባለውም ያው ነው፤ ወለሉ ሲገፋ የካሴቱ «ሽሽ» የሚል ድምፅ አብሮ ይነሣል።

ዩቲዩብ ከ−14 ሉፍስ (ድምፅ ለጆሮ በአማካይ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚለካበት) ገደማ በላይ የጮኸውን ሲያጫውት ይቀንሰዋል። ወለሉ ይወርዳል፤ የጎበጠው ግን ቀና አይልም። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ስታወዳድሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ በ1 ዲሲቤል የጮኸው እንኳ «የተሻለ» ይመስላል። ሚክስ (መሣሪያዎቹና ድምፃዊው የተቀላቀሉበትን ቅጂ) ለማስተሪንግ ስትልኩ ባለ 24 ቢት ዌቭ ፋይል ይሁን፣ ለማስጮህ የገባው ሊሚተር ይጥፋ፣ ከፍተኛው ጫፍ −6 ዲሲቤል አካባቢ ይቁም። በመጨረሻው ማስተር ላይም ከጣሪያው በታች 1 ዲሲቤል ይተው፤ ወደ ኤምፒ3 ወይም ኤኤሲ ሲቀየር ጫፎቹ ከነበሩበት ያልፋሉ።