በየከተማው እየዞሩ የሚፋለሙ ሰዎች፦ ስለ አሜሪካ የቀጠና ሬስሊንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሬስሊንግን በሳተላይት ቴሌቪዥን እያየ ያደገ ሰው ስለ ሙያው ያለው ዕውቀት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ታላላቅ ስሞች አያልፍም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ይህን ሙያ ያቆየው ግን ስሙ በማስታወቂያው ግርጌ በትንንሽ ፊደል የሚጻፍ፣ በየጥቂት ወሩ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ሌላ አካባቢ የሚሄድ ተራ ተፋላሚ ነበር። ስለዚህ ሰውና ስለሚሠራበት ሥርዓት በተለምዶ የሚነገሩት ብዙ ነገሮች ስሕተት ናቸው፤ ስሕተቱም የሰዎቹን ድካም ስለሚያሳንስ ሊታረም ይገባዋል።

«ሬስሊንግ ድሮም የአንድ ትልቅ ኩባንያ ሥራ ነበር»

አልነበረም። በ1948 በአዮዋ ግዛት በዋተርሉ ከተማ የተሰበሰቡ ፕሮሞተሮች (ፍልሚያ የሚያዘጋጁ ነጋዴዎች) ናሽናል ሬስሊንግ አላያንስ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ አባላቱም አንዱ በሌላው ቀጠና ላለመግባትና አንድ የጋራ ሻምፒዮን በየተራ ለማስተናገድ ተስማሙ። አሠራሩ የንግድ ውድድርን የሚገድብ በመሆኑ የአሜሪካ መንግሥት በ1956 ማኅበሩን በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ገድቦታል፤ ልማዱ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ዘለቀ። በሻርሎት የክሮኬት ቤተሰብ፣ በታምፓ ኤዲ ግራሃም፣ በፖርትላንድ ዶን ኦወን፣ በካናዳዋ ካልጋሪ ደግሞ ስቱ ሃርት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀጠና ያስተዳድሩ ነበር።

በቴነሲ ግዛት ያለችውን የሜምፊስ ከተማን ቀጠና ሳምንት ብንመለከት አሠራሩ ግልጽ ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው የቴሌቪዥን ጣቢያ በቀጥታ የሚተላለፈው ዝግጅት የሰኞ ምሽቱን ትኬት ያሸጣል፤ ሰኞ ከ10,000 በላይ ሰው በሚይዘው ሚድ ሳውዝ ኮሊሲየም ፍልሚያው ይካሄዳል፤ ማክሰኞ ሉዊቪል፣ ረቡዕ ኤቫንስቪል ተረኛ ይሆናሉ። በየሳምንቱ የሚመጣው ተመልካች ያው ስለሆነ፣ የትኛውም ተፋላሚ ቢሆን ከጊዜ በኋላ ይሰለቻል። ተራው ተፋላሚ ከቀጠና ቀጠና የሚዞረውም በዚህ ምክንያት እንጂ የትም ስላልተሳካለት አይደለም። «የተሸነፈ ከተማውን ለቅቆ ይሂድ» ተብሎ የሚታወጀው ፍልሚያ እንኳ ብዙውን ጊዜ ለመሄድ አስቀድሞ የተነጋገረን ሰው በክብር መሸኛ ነበር።

«ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ ሕመሙም ውሸት ነው»

አሸናፊው አስቀድሞ እንደሚታወቅ ዛሬ የሚክድ የለም። በ1989 ትልቁ የሬስሊንግ ኩባንያ፣ የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ፣ ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ ነፃ ለመውጣት ሲል፣ ሥራው መዝናኛ እንጂ ውድድር አለመሆኑን ለኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች በይፋ አስረድቷል። ከዚህ ተነሥቶ ሕመሙንም መካድ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። የሪንጉ (የመፋለሚያው መድረክ) ወለል በብረት አግዳሚዎች ላይ የተረበረበ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ የተነጠፈ ስስ ስፖንጅና ከላይ የተወጠረ ሸራ ነው። ተፋላሚው አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ የሰውነቱን ክብደት በላይኛው ጀርባው ላይ በትኖ እንዲወድቅ ይማራል፤ ይህ ዘዴ አንገቱን ያድንለታል እንጂ ጣውላውን አያለሰልስለትም። በሳምንት አምስትና ስድስት ምሽት እንዲህ የሚወድቅ ሰው ጉልበቱና ወገቡ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ደሙም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ነበር፤ ተፋላሚው በእጁ ፋሻ ውስጥ በደበቃት የምላጭ ቁራጭ ግንባሩን ራሱ ይቆርጥ ነበርና።

በተጨማሪም አስቀድሞ የሚወሰነው ማን እንደሚያሸንፍ፣ ፍጻሜው እንዴት እንደሚሆንና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ብቻ ነው። በመካከል ያለውን፣ በተለይ በቀጠናዎቹ ዘመን፣ ሁለቱ ተፋላሚዎች የሕዝቡን ስሜት እያዳመጡና እየተንሾካሾኩ እዚያው ይፈጥሩት ነበር።

«ሁልጊዜ የሚሸነፈው ደካማ ስለሆነ ነው»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ አመለካከት ይህ ነው። የተሸናፊው ሥራ ሌላውን ኃያል አስመስሎ ማሳየት ነው፤ ይህም ሙሉ ችሎታ ይጠይቃል። ባላንጣው ከፍ አድርጎ ሲያነሣው በትክክለኛው ቅጽበት ራሱ ካልዘለለ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ጀማሪው ግራ ሲገባው ቀጥሎ የሚሆነውን በጆሮው የሚነግረው እሱ ነው፤ ሕዝቡ ሲቀዘቅዝ መቼ መፋጠን፣ መቼ መዘግየት እንዳለበት የሚያውቀውም እሱ ነው። ፕሮሞተሮች ተስፋ የጣሉበትን ወጣት ልምድ ካለው ተፋላሚ ጋር በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙት ለዚሁ ነበር፤ ወጣቱ በየምሽቱ እያሸነፈ ይማራል፣ አስተማሪው ግን እየተሸነፈ ያስተምራል። ያው ሰው በአንዱ ቀጠና የመክፈቻውን ፍልሚያ ተሸንፎ፣ በሌላው ጭንብል አጥልቆ የምሽቱ ዋና ተፋላሚ ሊሆን ይችል ነበር።

ባሪ ሆሮዊትዝን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በፍሎሪዳ ጃክ ሃርት በሚል ስም ሠርቷል፤ በኋላም በትልቁ ኩባንያ የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ላይ ለዓመታት ተሸናፊ ሆኖ ቆየ። አንድ ነገር በተሳካለት ቁጥር የገዛ ጀርባውን በእጁ መታ መታ እያደረገ ራሱን ያመሰግን ነበር። በ1995 ስኪፕ የተባለውን ተፋላሚ ሲያሸንፍ ድሉ ትልቅ መነጋገሪያ የሆነው፣ ተመልካቹ ለዓመታት ሽንፈቱን አይቶ ስለነበረና ቴክኒኩ ምን ያህል የጠራ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ያለዚያ ሁሉ ሽንፈት የዚያ ድል ደስታ ባልተገኘ ነበር።

«በቴሌቪዥን ከታየ ሀብታም ነው»

ክፍያው የሚሰላው ከትኬት ገቢው ላይ ነበር፤ ዝናብ ዘንቦ አዳራሹ ባዶ ከሆነ የተፋላሚውም ኪስ ባዶ ይሆናል። ቤንዚኑን፣ ምግቡንና ማደሪያውን የሚከፍለው ራሱ ነው፤ ስለዚህ አራትና አምስት ሆነው በአንድ መኪና ይጓዙ ነበር። በሕግ ፊትም ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ የሚሠራ ተቋራጭ ስለሆነ የጤና ዋስትናም ሆነ ጡረታ አልነበረውም። ዛሬ በሀብታቸው የምናውቃቸው እንኳ በዚህ መንገድ አልፈዋል፦ ስቲቭ ኦስቲን በቴነሲ ጀማሪ ሳለ ጥሬ ድንችና የታሸገ ዓሣ እየበላ መክረሙን፣ ድዌይን ጆንሰንም በ1996 ሜምፊስ ውስጥ ፍሌክስ ካቫና ተብሎ ሲፋለም በምሽት 40 ዶላር ይከፈለው እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። እነሱ ወጥተውበታል፤ አብረዋቸው በመኪናው የነበሩት አብዛኞቹ ግን ሙሉ ዕድሜያቸውን በዚያው ክፍያ አሳልፈዋል።

«ምስጢሩን መጠበቅ የማታለል ሥራ ብቻ ነበር»

በቀጠናዎቹ ዘመን ውጤቱ አስቀድሞ መወሰኑ ምስጢር ሆኖ እንዲቆይ፣ በሪንግ ላይ ጥሩ ሰው ሆኖ የሚታየውና ክፉ ሰው ሆኖ የሚታየው ተፋላሚ በአንድ መኪና መታየት፣ በአንድ ምግብ ቤት መቀመጥ ተከልክሎ ነበር። ይህን ደንብ እንደ ተራ ማጭበርበር የሚያየው ብዙ ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 1975 በሰሜን ካሮላይና ዊልሚንግተን አቅራቢያ የወደቀችውን ትንሽ አውሮፕላን ታሪክ ያወቀ ሰው ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል። አብራሪው በደረሰበት ጉዳት በኋላ ሞተ፤ ተፋላሚው ጆኒ ቫለንታይን ሽባ ሆኖ ከሙያው ወጣ፤ ወጣቱ ሪክ ፍሌር ጀርባው ተሰበረ። በአውሮፕላኗ ውስጥ በሪንግ ላይ የእነሱ ባላንጣ የነበረው ቲም ዉድስም ነበር። አብሯቸው መጓዙ ቢታወቅ የቀጠናው ሥራ ይበላሻል ብሎ ስለሰጋ፣ በሆስፒታል እውነተኛ ስሙን ሰጥቶ ፕሮሞተር ነኝ አለ፤ ሰውነቱ ሳይድንም ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ለሕዝብ ታየ። ይህን ያደረገው የቀጠናው ተፋላሚዎች ሁሉ እንጀራ በዚያ ምስጢር ላይ ስለተመሠረተ ነው።

«ለኅብረተሰቡ ምንም ትርጉም አልነበረውም»

በ1950ዎቹ መጨረሻ በሜምፊስ ጥቁር ተመልካቾች በአዳራሹ ላይኛው ጥግ ብቻ እንዲቀመጡ ይገደዱ ነበር። ስፑትኒክ ሞንሮ የተባለው ነጭ ተፋላሚ ወደ ጥቁሮች ሰፈር፣ ወደ ቢል ስትሪት፣ ዘወትር እየሄደ ከነዋሪው ጋር ተወዳጀ፤ ፖሊስም በዚህ ምክንያት በተደጋጋሚ አሰረው። እሱን ለማየት የሚጎርፈው ሕዝብ ከተመደበለት ቦታ በላይ ሲሆን፣ መቀመጫው ለሁሉም ካልተከፈተ አልፋለምም አለ፤ ፕሮሞተሩም ገቢውን ላለማጣት እሺ አለ። ይህ የሆነው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከመውጣቱ ዓመታት በፊት ነው።

«የቀጠና ሬስሊንግ ጨርሶ ጠፍቷል»

የኬብል ቴሌቪዥን የቀጠናዎቹን ድንበር ካፈረሰና የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ የዚያን ጊዜ ባለቤት ቪንስ ማክማሆን ከ1983 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ከተስፋፋ በኋላ አሮጌው ሥርዓት በእርግጥ ፈርሷል። የክሮኬት ቤተሰብ በ1988 ድርጅቱን ለቴሌቪዥን ባለሀብቱ ቴድ ተርነር ሸጠ፤ የሜምፊሱም በ1997 ተዘጋ። ይሁን እንጂ በትምህርት ቤት ጂምናዚየሞችና በትንንሽ አዳራሾች በየሳምንቱ መጨረሻ የሚፋለሙ ሰዎች ዛሬም አሉ። ብዙዎቹ በሳምንቱ የሥራ ቀናት ሌላ ሥራ ይሠራሉ፤ ከፍልሚያው በኋላ ቲሸርትና ፎቶግራፍ በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ራሳቸው ይሸጣሉ፤ ጉዳት ሲደርስባቸውም የሕክምናውን ወጪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍኑት ከገዛ ኪሳቸው ነው።