«አክሲዮኑ ወደቀ» ሲባል የትኛው ዋጋ ነው የወደቀው?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በሰሜን ሸዋ ከተሞች ስለ ባንክ አክሲዮን የሚነሣው ክርክር መልኩን ቀይሯል። ቀድሞ «የትኛው ባንክ ብዙ ያካፍላል?» ነበር ጥያቄው። አሁን ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደው የጣርማበር መንገድ በተዘጋ ቁጥር «ሽጡት»፣ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ «ያዙት» ይባላል። ደብረ ብርሃን ላይ 50 አክሲዮን የያዘ የእህል ነጋዴም፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 20 የያዘ የማሾ ነጋዴም የሚሰሙት ይህንኑ ነው። በሁለቱም ወገን የሚነገረው አብዛኛው ግማሽ እውነት ስለሆነ፣ ቀሪውን ግማሽ እንየው። ከታች የምናሰላባቸው የትርፍ፣ የካፒታልና የአክሲዮን ዋጋ ቁጥሮች ለማስረዳት የተቀመጡ እንጂ የአንድ ባንክ ሂሳብ አይደሉም።

«አምና 1,150 ይሸጥ ነበር፣ ዛሬ 1,000 ነው፤ ባንኩ እየሰመጠ ነው»

አንድ አክሲዮን ሦስት ዋጋ አለው። አንደኛው ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈው ነው፣ እንበል 1,000 ብር። እሱ አይወጣም፣ አይወርድም። ሁለተኛው የመዝገብ ዋጋ የሚባለው ነው፤ የባንኩ የተከፈለ ካፒታል (ባለአክሲዮኖች የከፈሉት)፣ ሕጋዊ መጠባበቂያ (ከየዓመቱ ትርፍ በሕግ የሚቀመጠው) እና ያልተከፋፈለ ትርፍ ተደምሮ ለአክሲዮኑ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው። ካፒታሉ 4.5 ቢሊዮን፣ መጠባበቂያው 1.1 ቢሊዮን፣ ያልተከፋፈለው ትርፍ 250 ሚሊዮን ከሆነ ድምሩ 5.85 ቢሊዮን ነው፤ ለ4.5 ሚሊዮን አክሲዮን ሲካፈል 1,300 ብር ይመጣል። ሦስተኛው ሻጭና ገዢ የተስማሙበት ነው። ሻይ ቤት ውስጥ «ወደቀ» የሚባለው ይኸኛው ብቻ ነው።

ይህ ሦስተኛው ዋጋ በኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ሽያጭ ነው። ለሕክምና ገንዘብ የቸገረው ሰው 20 አክሲዮን በ1,000 ከሸጠ፣ በሳምንቱ ከተማው ሁሉ ዋጋው 1,000 ነው ይላል። ስለዚህ ዋጋ ሲነገራችሁ ስንት አክሲዮን እንደተሸጠ፣ መቼ እንደተሸጠና የአክሲዮኑ ገንዘብ ለባንኩ ሙሉ በሙሉ የተከፈለ መሆኑን ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተሸጠው ከትርፍ ክፍፍል በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን።

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው ያሳስታል። ባንኮች ሂሳባቸውን ሰኔ 23 (በፈረንጆቹ ጁን 30) ይዘጋሉ፤ ትርፉ የሚከፋፈለው ግን ወራት ቆይቶ ጠቅላላ ጉባኤው ሲወስን ነው። ጥቅምት ላይ የዓመቱን ድርሻ ጨምሮ በ1,150 የተሸጠ አክሲዮን፣ የገዛው ሰው 167 ብር የትርፍ ድርሻውን ኪሱ ከከተተ በኋላ ጥር ላይ 1,000 ብር ቢያወጣ ምንም አልወደቀም። 1,150 ላይ 167 ቢቀነስ 983 ነውና እንዲያውም 17 ብር ጨምሯል። ደላላው ይህን ያውቃል፤ አይነግራችሁም እንጂ።

«የትርፍ ድርሻው የቀነሰው በጸጥታው ምክንያት ነው»

ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ካፒታሉን እዩ። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ በ2013 መመሪያ አውጥቶ ነበር። በዚህም የተነሣ ባንኮች አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ፣ ትርፍንም ወደ ካፒታል ሲያዞሩ ቆይተዋል።

አምና ባንኩ 3 ቢሊዮን ካፒታል ይዞ ከግብር በኋላ 900 ሚሊዮን አተረፈ እንበል። ሕጋዊ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እኩል እስኪደርስ በየዓመቱ የተጣራው ትርፍ 25 በመቶ ወደዚያ ይገባል፤ ስለዚህ 225 ሚሊዮኑ ሄዶ 675 ሚሊዮን ለክፍፍል ይቀራል። ለአንድ ባለ 1,000 ብር አክሲዮን 225 ብር ማለት ነው። ዘንድሮ ትርፉ ወደ 1 ቢሊዮን አደገ፣ ካፒታሉ ግን 4.5 ቢሊዮን ሆነ። 250 ሚሊዮን ለመጠባበቂያ ሲነሣ 750 ሚሊዮን ይቀራል፤ ለአንድ አክሲዮን 167 ብር ግድም። ባንኩ 100 ሚሊዮን ብር በልጦ አትርፎ የእናንተ ድርሻ በሩብ ቀነሰ። እዚህ ውስጥ ጸጥታ የለበትም። እንጀራው ትንሽ ሰፋ፣ በላተኛው ግን በግማሽ በዛ።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የውጭ ገንዘብ ሀብታቸው ከዕዳቸው የበለጠ ባንኮች በአንድ ጊዜ የምንዛሪ ልዩነት ትርፍ አገኙ። በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ትርፉ ያበጠው በዚህ ከሆነ በየዓመቱ አይደገምምና ያንን ዓመት መለኪያ አታድርጉት።

«ቅርንጫፎቹ በግጭት አካባቢ ስለሆኑ አለቀለት»

ቅርንጫፍ ያለበትና ብድር ያለበት ቦታ አንድ አይደለም። ሞላሌ ወይም ዓለም ከተማ ያለ ቅርንጫፍ በአብዛኛው ተቀማጭ ይሰበስባል፤ ገንዘቡ አዲስ አበባ ላሉ አስመጪዎችና ለሕንፃ ሊበደር ይችላል። ቅርንጫፉ ለጊዜው ቢዘጋ የሚጎዳው በኪራይ፣ በደመወዝና በቀረ ተቀማጭ ነው። ያማል፣ ግን ባንክ አይገድልም።

ባንክን የሚጎዳው ብድሩ ሲበላሽ ነው። የጭነት መኪና በብድር የገዛ ሰው በደብረ ሲና በኩል ወደ ኮምቦልቻ መመላለስ ካቃተው ወርኃዊ ክፍያው ይቋረጣል። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ የተበላሸ ተብሎ ይመደባል፤ ባንኩም ከትርፉ ላይ ለኪሣራ መጠባበቂያ ይይዝበታል። መንገዱ በ91ኛው ቀን ቢከፈት እንኳ መጠባበቂያው ወዲያው አይመለስም፤ ተበዳሪው ለተወሰነ ጊዜ ሳያቋርጥ መክፈሉን ማሳየት አለበት። የዋጋው ማገገም ከሰላሙ ዜና ወራት ወደ ኋላ የሚቀረው ለዚህ ነው። «ሲረጋጋ በማግስቱ ይመለሳል» ብሎ የሚገዛም በዚሁ ይሸወዳል።

ስለዚህ ሪፖርቱን ስትይዙ የቅርንጫፍ ዝርዝሩን እለፉትና ሂሳቡ ጋ ሂዱ። የተበላሸ ብድር ምጣኔው፣ ማለትም ከጠቅላላ ብድሩ የተበላሸው፣ ስንት በመቶ ነው? የብሔራዊ ባንክ ጣሪያ 5 በመቶ ነው። ለኪሣራ የተያዘው መጠባበቂያ ከአምናው በምን ያህል ዘለለ? የክፍያ ጊዜያቸው የተራዘመላቸው ብድሮች በዝተዋል? ምጣኔው ዝቅ ብሎ የተራዘሙት ከበዙ ችግሩ አልጠፋም፤ ቀጠሮ ተሰጥቶታል።

«ባንክ ነው፣ መንግሥት አይጥለውም፤ ገንዘቤ እንደ ቁጠባ ነው»

አይደለም። የተቀማጭ ገንዘብ መድን በ2013 የወጣው ደንብ ባቋቋመው ፈንድ በኩል ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል፤ አክሲዮንን ግን በፍጹም አይነካም። ባንክ ቢፈርስ መጀመሪያ አስቀማጮችና አበዳሪዎች ይከፈላሉ፣ ባለአክሲዮን ከተረፈ ነው። ብሔራዊ ባንክም ጣልቃ ሲገባ የአክሲዮን ዋጋ ለመደገፍ አይደለም፤ ካስፈለገ የትርፍ ክፍፍልን ሊያስቆም ይችላል።

«የውጭ ባንክ ገባ፣ የአገር ውስጡ አክሲዮን ወረቀት ሆነ»

ታኅሣሥ 2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባለሀብት በሩን ከፍቷል፤ በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ የውጭ ድርሻ በድምሩ ከ49 በመቶ አይበልጥም። ይህ ፉክክርም ገዢም ያመጣል። የትኛው ያመዝናል የሚለው በየባንኩ ይለያያል፤ ለሁሉም በአንድ አፍ የሚተነብይ ሰው የሚሸጠው ነገር አለው።

«ገበያው ስለተከፈተ ነገ ጠዋት እሸጠዋለሁ»

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ተከፍቷል፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ገበያ መሸጥ የሚቻለው ግን የተመዘገበ ባንክ አክሲዮን ነው፤ እሱም ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ባለው አገናኝ በኩል። የያዛችሁት ባንክ መመዝገቡን ሳታጣሩ «ቶሎ አሸጥልሃለሁ» ለሚል ሰው ሰርተፍኬት አትስጡ። ፈቃድ የሌለው ደላላ ሕገወጥ ነው።

ባንኩ ካልተመዘገበ መንገዱ በራሱ የአክሲዮን ክፍል በኩል ነው። ሰርተፍኬቱንና መታወቂያውን ይዛችሁ ዝውውር ትጠይቃላችሁ። ክፍሉ አክሲዮኑ በብድር ዋስትና ወይም በፍርድ ቤት ዕግድ አለመያዙን ያጣራል። የትዳር ሁኔታ ማስረጃም ይጠየቃል፤ በጋራ ንብረት ላይ የባል ወይም የሚስት ፈቃድ ሳይኖር የተሸጠ አክሲዮን ክስ ያመጣል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የሚሸጥላችሁ ከሆነ ውክልናው «አክሲዮን የመሸጥና ስም የማዛወር» ሥልጣንን በግልጽ ይጥቀስ። «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና ይዞ ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስ ብዙ ነው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ መልስ አንድ ቀን ይባክናል።

ውሉ ላይ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ ገና ያልተከፈለው የዓመቱ ትርፍ የማን ነው፣ ከተፈረመው አክሲዮን ያልተከፈለ ቀሪ ካለስ ማን ይከፍላል? ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ስማችሁ ባንኩ መዝገብ ላይ እስኪዞር ሙሉውን ገንዘብ አትልቀቁ። በባንኩ ዘንድ ባለአክሲዮን የሚባለው መዝገቡ ላይ ስሙ ያለው ነው፤ ትርፉም የጉባኤው ጥሪም የሚሄደው ለእሱ ነው።