ካልቸር ሾክ ምንድን ነው? ድንጋጤስ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቡና ስጠጣ፣ ከአጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ከውጭ የመጣች የአክስቱን ልጅ ለጓደኞቹ ያስተዋውቃል። «ትናንት ሥጋ ቤት ወስደናት፣ ጥሬውን በቢላ እየቆረጥን ስንጎርስ አይታ ካልቸር ሾክ ያዛት!» ተሳሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ምንም አላልኩም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሬድዮ ስከፍት ግን አንድ ተንታኝ «ካልቸር ሾክ ማለት አይተነው የማናውቀውን ባህል ስናይ የሚይዘን ድንጋጤ ነው፤ ሦስት ወር ከታገሡት ይለቃል» ብሎ ዘጋው። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስህተት።

የአክስቱን ልጅ የያዛት መደነቅ ነው፤ ቢበዛ መጸየፍ። ማታ ለእናቷ ደውላ እየሳቀች ታወራዋለች፣ በዚያው ያልቃል። ካልቸር ሾክ የሚወራ ታሪክ እንኳን የለውም። የያዘውን ሰው «ምን ሆንክ?» ብትሉት «ምንም» ነው የሚላችሁ፤ እውነቱንም ነው። የደረሰበት ነገር የለም። የጎደለበት ነው ያለው።

ጣጣው የመጣው ከትርጉሙ ይመስለኛል። «ሾክ»ን «ድንጋጤ» ብለን ተቀበልነው። በእኛ ቋንቋ ድንጋጤ የቅጽበት ነገር ነው፤ ሰው ክው ይላል፣ ውሃ ይረጩበታል፣ ይመለሳል። ቃሉን ያስተዋወቀው አንትሮፖሎጂስት ካሌርቮ ኦበርግ ግን ያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። በፈረንጆች 1954 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ለአንድ የሴቶች ክበብ ባደረገው ንግግር (ቃሉን የፈጠረው እሱ አይደለም፤ ኮራ ዱ ቦይስ የምትባል የሙያ ባልደረባው ቀድማዋለች) ምክንያቱን ያሳበበው ሳናስበው በምንመራባቸው ምልክቶች መጥፋት ላይ ነው። መቼ እጅ ይጨበጣል፣ ሰው ሲያገኙ ምን ይባላል፣ ግብዣ መቼ እሺ መቼ እምቢ ይባላል፣ የሰው ንግግር መቼ ከልብ ነው መቼ አይደለም። ከዘረዘራቸው ስሜቶች ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ እጅ መታጠብ፣ ስለ መጠጥ ውሃና ስለ አልጋ ልብስ ያለ ልክ መጨነቅ፣ ፈዝዞ ሩቅ ማየት፣ አገር አገር ማለት ይገኙበታል። ጥሬ ሥጋ የለበትም።

ለጎንደር ሰው ደስ የምትል ግጥጥሞሽ አለች። በዚያው በ1954፣ በእኛ 1947 ዓ.ም.፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን እናት የሆነው የጤና ኮሌጅ እዚህ ተከፈተ፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ኦበርግም ብራዚል ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራው ለአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ነበር። ሪዮ ላይ የሚናገርላቸው ዓይነት ቤተሰቦች እዚህም ሻንጣቸውን እያወረዱ ነበር ማለት ነው።

ለተማሪዎቼ በወባ ነው የማስረዳቸው። ከዳባት ወይም ከወገራ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ትንኟ ስትነክሰው ልብ አይላትም። ቢያያትም በእጁ እሽ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ትኩሳቱ ቢፈጥን ከሳምንት በኋላ ነው የሚነሣው። በወረደ በማግሥቱ እየተንቀጠቀጠ ጤና ጣቢያ ለመጣ ሰው ነርሷ «ይህ የመተማ አይደለም፤ ይዘኸው ነው የወረድከው» ትለዋለች። ካልቸር ሾክም ትንኝ እንጂ ጅብ አይደለም። ትልልቁ ነገር፣ ጥምቀት በፋሲል መዋኛ፣ ሁለት ወር የሚጠጋ ጾም፣ ጥሬ ሥጋ፣ እነዚህ አይነክሱም። ሲመጡ ይታያሉ፤ እንግዳው ካሜራውን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃቸው። የሚነክሱት እኛ ራሳችን መኖራቸውን የማናውቃቸው ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአውሮፓ የመጣች ሐኪም አብራን ትሠራ ነበር። ጎበዝ፣ ታታሪ፣ አማርኛ ለመማር የምትጥር። አራተኛ ወሯ ላይ መሰለኝ አንድ ቀን ጎተት አድርጋኝ «በሽተኞቹን ምን እያልኩ ነው የማስደነግጣቸው?» አለችኝ። አልገባኝም። አብሬያት ገባሁ። ከጭልጋ የመጡ እናት ፊቷ ተቀምጠዋል። «ሕመሙ ሌሊት ይብስብዎታል?» ትላለች። እናት አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። ያቺ አጭር፣ ወደ ውስጥ የምትሳብ «እህ»፤ ፊደል የላትም፣ ማንም አስተምሮን አያውቅም፣ ትርጉሟም «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» ነው። ሐኪሟ አገር ግን እንዲያ የሚተነፍሰው የደነገጠ ሰው ነው። ስለዚህ ንግግሯን ታቆማለች፣ ድምጿን ታለሰልሳለች፣ ቀስ ብላ እንደገና ትጠይቃለች። እናት ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል፤ ክፉ ነገር አግኝታ ልትደብቃቸው መስሏቸዋል። ሁለት ደግ ሰዎች ተቀምጠው እርስ በርስ ይፈራራሉ።

ይህ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ነው። «እሺ» ብሎ ያልተመለሰው በሽተኛ ሲጨመርበት (እሺ ማለት «ሰማሁዎት» መሆኑን ማን ነገራት?)፣ ለሦስት ሰዓት የተቀጠረው ሰው ከሰዓት በዘጠኝ ስትጠብቀው መቅረቱ ሲጨመርበት፣ ቅንድብ ከፍ አድርጎ «አዎ» የሚላት ጥበቃ ሲጨመርበት። አንዱም አያምም። የሆነ ቀን ባለሱቁ በፕላስተር የተለጠፈ አሥር ብር አልቀበልም ሲላት እዚያው ቆማ አለቀሰች። «ለአሥር ብር ነው የማለቅሰው?» አለችኝ በኋላ። ለአሥር ብር አልነበረም።

ደግሞ ይህን ለመቅመስ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በምደባ ከጅንካ ወይም ከጅግጅጋ ወደዚህ የሚመጣ ተማሪ ፓስፖርት አላወጣም፤ ስለዚህ ማንም እንግዳ ነው ብሎ አያስብለትም። በር ላይ ያሉትን አዛውንት ጥበቃ «አንተ» ይላቸዋል፣ አማርኛውን የተማረው እንዲያ ነውና። እሳቸው አይቆጡትም። ሰላምታቸውን ግን ያሳጥራሉ። ልጁ በሳምንቱ አንድ ነገር እንደቀዘቀዘ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ «አንቱ» የምትባል አንዲት ቃል መሆኗን የሚነግረውም የለም፣ ምክንያቱም ለጎንደሬ ይህ የሚነገር ነገር አይደለም። እንዲህ ያለውን ልጅ ነው ወደ ክፍሌ አምጥተው «ዝም አለብን» የሚሉኝ።

አሁን ወደ «ሦስት ወር» ልምጣ። ኦበርግ የደስታ፣ የቀውስ፣ የማገገም፣ የመላመድ ብሎ የዘረዘራቸው ደረጃዎች የአውቶቡስ መርሐ ግብር ሆነው አረፉት። እዚያ ላይ የኖርዌዩ ስቨሬ ሊስጎርድ የ1955 ጥናት ተጨመረ። አሜሪካ ኖረው የተመለሱ 200 ኖርዌያውያንን ጠይቆ፣ ከስድስት ወር በታች የቆዩት ደህና፣ ከስድስት እስከ አሥራ ስምንት ወር የቆዩት የከፋቸው፣ ከዚያ በላይ የቆዩት እንደገና ደህና ሆነው አገኛቸው። መካከሉ የጎደጎደ መሥመር ተሠመረ፤ እስከ ዛሬ ይሠመራል። ልብ በሉ፤ አምስት ወር የቆየውና ሃያ ወር የቆየው አንድ ሰው አይደሉም። ሊስጎርድ አንድን ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከትሎ አላየም። ኋላ ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ ኒውዚላንድ የገቡ ጃፓናውያን ተማሪዎችን ከገቡበት ቀን ጀምረው እየተከታተሉ ሲጠይቁ፣ ከሁሉ የከበደው ገና ሲገቡ የነበረው ሆኖ ተገኘ። የጫጉላ ጊዜ የሚባለው ጭራሽ አልታየም።

ይህ የወባ ምሳሌዬን እንደሚያነክሰው አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን የሚንቀጠቀጥም አለ ማለት ነውና። ግን እዚያ ያለው የሻንጣ፣ የእንቅልፍ፣ የብቸኝነት፣ የምዝገባ ሰልፍ ድምር ነው፤ የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት ለእኛም ይከብደናል። ምሳሌው ሌላም ቦታ ያነክሳል። አጎበር ዘርግቶ የሚተኛ ሰው ከወባ ይተርፋል፤ በባህል ላይ አጎበር የዘረጋ፣ ማለትም ከአገሩ ልጆች ጋር ብቻ የሚበላና የሚውል፣ እፎይታ ያገኛል፣ ምልክቶቹን ግን አይማርም። የተቀባዩ አገር ሰውም ትንኝ አይደለም፤ ይህን በተለይ ለፈረንጆቹ እላለሁ። አንድ ቦታ ግን ምሳሌው እንደገና ይሠራል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል። አገሩ የተመለሰ ሰውም እንዲሁ በገዛ ቤቱ ምልክት ሲጠፋበት ይገኛል። በፈረንጆች 1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ ቁስቋም ላይ ፈንጣጣ ሲያስታምም ተከበረ፤ ለንደን ሲመለስ ደግሞ ስለ ጥሬ ሥጋ ባወራው ውሸታም ተባለ። ድንጋጤ ካስፈለገ እዚያ ነበረ፣ ሰሚዎቹ ዘንድ። በቃ፣ ወባውን ልተወው።

ወባ ካነሣሁ አይቀር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ለመከላከያ ሜፍሎኪን የሚውጥ እንግዳ ቅዠት፣ ጭንቀትና ጥርጣሬ ሲይዘው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ክኒኑ ነው፤ መድኃኒቱ ይህን እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ካልቸር ሾክ የበሽታ ስም አይደለም። የዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ አሥረኛው እትም ከባህል ጋር የመላመድ ችግርን ዜድ60.3 ብሎ ሲመዘግበው ከሕመሞች ጋር ሳይሆን ሰውን ጤና ተቋም ከሚያደርሱ የኑሮ ሁኔታዎች ጋር ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ምግብም እንቅልፍም ያጣ፣ መሞትን የሚያወራ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ልጅ «ካልቸር ሾክ ነው፣ ይለቅሃል» አይባልም። ወደ ሕክምና ይመጣል፤ ዛሬውኑ። ተንታኛችን «ይለቃል» ሲል ያናደደኝ ዋናው ይህ ነው።

ተንታኙ መላመድንም «እንደ እነሱ መሆን» አለው። ጆን ቤሪ የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን ካሳየ ቆይቷል። የራስህን ትይዛለህ ወይ አንድ፤ ከሌላው ጋር ትገባለህ ወይ ሁለት። ሁለቱንም አዎ ማለት ይቻላል። (ሰው ግን ቤት ውስጥ ሌላ፣ ሥራ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱ ጥያቄዎች አዎና አይ በሚወጡት የቤሪ አራት ሣጥኖች ላይ ይህን እጨምራለሁ።) ከወለቃና ከዙሪያው ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤላውያን እዩ። በፈረንጆች 1991 ብቻ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ተጓጓዘ። በባለሥልጣን ፊት ዓይን ሰበር ማድረግ እዚህ ጨዋነት ነው፤ እዚያ የሚደብቅ ሰው ይመስላል። ልጆቹ የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። ስግድ የሚባለውን በዓላቸውን ግን አልጣሉም፤ በፈረንጆች 2008 የእስራኤል ፓርላማ በሕግ የአገሪቱ በዓል አደረገው። እዚህ ላይ የተላመደው ማን ነው? ተቀባዩም የቀን መቁጠሪያውን አስተካክሏል።

ያቺ ሐኪም ሁለት ዓመት ቆየች። ልትሄድ አካባቢ ሻይ ላይ ሆነን እናቷ ደወለች። በራሷ ቋንቋ ያወራሉ፤ አልሰማም። በመሃል ሐኪሟ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች፤ «እህ»። ወዲያው ሳቋ አመለጣት፣ ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች። «‹ምን ሆንሽ? ምን አስደነገጠሽ?› እያለችኝ ነው» አለች።