የአምቡላንስ ሠራተኞችን ማክበር፦ በአዳማ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዳማ የጅቡቲ መስመር የሚያቋርጣት ከተማ ናት። ከባድ መኪና፣ ሚኒባስና ባጃጅ በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። ከሞጆ እስከ ወለንጪቲና መተሐራ ባለው መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ፣ ወይም በሰፈር ውስጥ ሌሊት ምጥ ሲመጣ የሚጠራው አምቡላንስ ነው። ሠራተኞቹን የሚያመሰግን ሰው አይጠፋም፤ ሥራቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሥራቸው በትክክል ካልታወቀ ደግሞ የሚሰጣቸው ክብርም ቦታውን ይስታል።

“አምቡላንስ ማለት አልጋ ያለው መኪና፣ ሠራተኛው ማለት ሹፌሩ ነው”

መኪናው እየሄደ ከኋላ ሕክምና ይሰጣል። ባለሙያው የታማሚውን የመተንፈሻ መንገድ ይከፍታል፣ ደም ያቆማል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ግሉኮስ ያስገባል፣ የደም ግፊትና የልብ ምት እየለካ ይመዘግባል። ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር በጀርባዋ ከተኛች ማሕፀኗ ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫን ግፊቷ ይወርዳል፤ ስለዚህ በግራ ጎኗ ያስተኛታል። ሹፌሩም ሲነዳ የሕክምናው ተካፋይ ነው። መርፌ እየገባ ሳለ ፍሬን በድንገት ከተያዘ የደም ሥሩ ይበሳል። ስለዚህ ጥሩ ሹፌር ጉብታ ጋ ከመድረሱ በፊት ጮክ ብሎ ለኋላው ይናገራል፣ መዞሪያም ላይ ቀስ ይላል። ስልክ ተቀብሎ የሚመራው ሠራተኛ ከማንም በፊት ሥራ ቢጀምርም ሽልማት ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አይነሣም።

“የሚዘገዩት ስለማይገዳቸው ነው”

ይህ አባባል ሠራተኞቹን ከሁሉ በላይ የሚያቆስል ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው። የመጀመሪያው ምክንያት ጥሪው ራሱ ነው። “ሰው እየሞተ ነው፣ ቶሎ ድረሱ!” ብሎ ስልኩን የዘጋ ሰው አምቡላንሱን በጎዳና ላይ ያንከራትተዋል። በአዳማ ብዙ ሰፈር በቤት ቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው የሚገኘው። ስለዚህ ደዋዩ የሰፈሩን ስም፣ በአቅራቢያው ያለ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት፣ የተጎጂዎቹን ብዛት፣ ተጎጂው ይናገር ወይም ይተንፍስ እንደሆነ መናገር አለበት። ስልኩን ቀድሞ የሚዘጋው ተቀባዩ ይሁን። አንድ ሰው ደግሞ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ይቁም፤ ሌሊት ከሆነ የስልኩን መብራት ያብራ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ አጭር ቁጥር 907 ነው። የከተማውን ቅርንጫፍና የቅርብ ጤና ጣቢያ መደበኛ ቁጥርም በስልክ መዝግቦ መያዝ ይበጃል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዓይን የተሰወረ ነው። አንድ ታማሚ ሆስፒታል ከወረደ በኋላ መኪናው ወዲያው ለሌላ ጥሪ አይደርስም። ርክክብ አለ፤ ድንገተኛ ክፍሉ ባዶ አልጋ ከሌለው ታማሚው በአምቡላንሱ ቃሬዛ ላይ ይቆያል፣ ያለ ቃሬዛ ደግሞ መውጣት አይቻልም። ከዚያ ጽዳት ይከተላል። ደም የነካው ቦታ መጀመሪያ ይጠረጋል፣ ቀጥሎ 0.5 በመቶ በሆነ የክሎሪን ውሃ ይታሻል። 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ ማለት ነው። ለ10 ደቂቃ ካልቆየ ጀርሙ አይሞትም። ይህን ዘሎ የሄደ ሠራተኛ የአንዱን ታማሚ በሽታ ለሌላው ያሻግራል።

ኦክስጅንም ሒሳብ አለው። 400 ሊትር የያዘ ትንሽ ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ከለቀቀ በወረቀት ላይ 40 ደቂቃ ይቆያል፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ ስለማይሟጠጥ በተግባር ከዚያም ያንሳል። አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በፈጣን መንገዱም ቢሆን ከበር እስከ በር ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሪፈር የተጻፈለትን ታማሚ በአንድ ትንሽ ሲሊንደር ይዞ መውጣት አደጋ ነው። ሠራተኛው ተጨማሪ ሲሊንደር ሲያስገባ ቤተሰብ “ምን ይጎተታል?” ብሎ ይቆጣል፤ እሱ ግን ታማሚው መንገድ ላይ እንዳይታፈን እየተጠነቀቀ ነው።

“ሳይረን ሲሰማ ባሉበት መቆም ነው”

መሐል መንገድ ላይ ድንገት የቆመ መኪና አምቡላንሱን ይዘጋበታል። ትክክሉ ፍጥነት ቀንሶ፣ ፍሬቻ አሳይቶ፣ ወደ ቀኝ ጠርዝ መጠጋትና አምቡላንሱ እስኪያልፍ መቆም ነው። አደባባይ ውስጥ የገባ ሰው ወጥቶ ይጠጋ። በፈጣን መንገዱ የዳር መስመር ላይ ሳይቸገሩ መቆም አይገባም፤ የአደጋ ጊዜ መኪና የሚያልፍበት ነው። አምቡላንስ በከፈተው መንገድ ከኋላው ተለጥፎ የሚሮጥ ሾፌር ደግሞ አምቡላንሱ ፍሬን በያዘ ጊዜ ከኋላ ይገጨዋል። ሁሉም ጥሪ ሳይረን አያስፈልገውም፤ ጸጥ ብሎ የሚሄድ አምቡላንስ ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

“በባጃጅ ወስዶ መድረስ ይሻላል”

አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። አምቡላንስ ካልተገኘና ደም እየፈሰሰ ከሆነ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ተጭኖ መሄድ ከመጠበቅ ይሻላል። ጨርቁ ሲርስ አይነሣም፤ ሌላ ይደረብበታል። ነገር ግን ከፎቅ የወደቀ ወይም በመኪና የተገጨ ሰው፣ አንገቱ ታጥፎ እግሩ በበሩ ተንጠልጥሎ በባጃጅ ሲጓዝ የተሰነጠቀ የአከርካሪ አጥንት ሕብለ ሰረሰሩን ሊቆርጠው ይችላል። እሳት ወይም ሌላ መኪና ካላሰጋው በስተቀር ባለበት ይቆይ፣ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሳያንቀሳቅስ ይያዝለት። መተንፈስ ካቆመ ግን ደረቱ መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን ይጀመር። የሚጫነው ሰው በየ2 ደቂቃው ይቀየር፤ ሲደክም ጥልቀቱ ሳይታወቀው ይቀንሳልና።

“ቀይ መስቀል የሃይማኖት ወይም የሕክምና ምልክት ነው”

ሁለቱም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1864 በጄኔቭ ስምምነት የጸደቀ የጥበቃ ምልክት ነው፤ የስዊዘርላንድን ባንዲራ ቀለም በመገልበጥ የተወሰደ። ማኅበሩ በኢትዮጵያ በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የጣልያን ወረራ በደጅ ነበር። በፋርማሲ በር ወይም በግል ክሊኒክ ታፔላ ላይ ሲለጠፍ ትርጉሙ ይደበዝዛል፤ ግጭት ባለበት ደግሞ እሱን ተማምኖ የሚሄደው ሠራተኛ ከለላውን ያጣል።

“በዓመት አንድ ቀን ሰርተፍኬትና ካባ ከሰጠናቸው በቂ ነው”

ካባው ይሰጥ፣ ደስ ያሰኛል። በመጀመሪያ ግን ሠራተኛው ራሱ ይጠበቅ። የጉበት ቢ ክትባት ሦስት ዙር ነው፦ የመጀመሪያው፣ ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛው፣ በስድስተኛው ወር ሦስተኛው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የተቋሙ ኃላፊ ቀኑን መዝግቦ ሊያስከትብ ይገባል። የታማሚ መርፌ የወጋው ሠራተኛ ቦታውን በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ አይጭመቀው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱን በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ እንኳ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ሹፌር ጠዋት ሪፈር ይዞ አዲስ አበባ እንዲሄድ ማዘዝ ለእሱም ለታማሚውም አደጋ ነው። በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉትም ጓንትና ኢንሹራንስ ይገባቸዋል። ተሸላሚ ሲመረጥም ፍጥነት ብቻ መለኪያ ከሆነ ሹፌሩን ወደ አደጋ እንገፋዋለን። የጥሪ መዝገቡ፣ የታማሚው ቅጽ አሞላልና የተቀባዩ ሆስፒታል አስተያየት አብረው ይታዩ።

“ለሻይ ብሎ ብር መስጠት ምስጋና ነው”

ሰጪው ቅን ልብ ቢኖረውም ገንዘቡ ሠራተኛውን ያስጠረጥረዋል፤ ያለው ቶሎ ይነሣል፣ የሌለው ይጠብቃል የሚል ወሬም ያስነሣል። የአንድ ገጽ የምስጋና ደብዳቤ ከሠራተኛው የግል ማኅደር ጋር ይያያዛል፣ በዕድገትም ጊዜ ይረዳዋል። ደብዳቤው ለቀይ መስቀል ቅርንጫፉ ወይም መኪናውን ለሚያስተዳድረው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተነሡበት ሰፈር፣ የደረሱበት ሆስፒታልና የሠራተኞቹ ሥራ ይገለጽበት። ስማቸውን ያልያዘ ሰው የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ቢጽፍ፣ ተረኞቹ ከጥሪ መዝገቡ ይገኛሉ።