የጉድአርኤክስ አክሲዮን እንዴት ይመዘናል?

ጉድአርኤክስ በአሜሪካ የመድኃኒት ዋጋ እያወዳደረ የቅናሽ ኩፖን የሚሰጥ ኩባንያ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሠረተ። አክሲዮኑ በሴፕቴምበር 2020 ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ በ33 ዶላር ወጥቶ የመጀመሪያውን ቀን ከ50 ዶላር በላይ ዘጋ፤ በኋላ ግን አብዛኛውን ዋጋውን አጣ።

አክሲዮኑን መግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ገንዘቡ ከማን እንደሚመጣ ነው። ታካሚው ለኩፖኑ አይከፍልም። ስልኩን ለፋርማሲው ሠራተኛ ያሳያል፤ ሠራተኛው ኩፖኑ ላይ ያሉትን ቅናሹን የሚለዩ ኮዶች ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ ዋጋው ዝቅ ይላል። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ይህ መድኃኒቱን ይዞ በመውጣትና ባዶ እጁን በመመለስ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ቅናሹን የተደራደሩት ግን በመድን ድርጅቶችና በፋርማሲዎች መካከል የሚሠሩ አገናኝ ኩባንያዎች ናቸው። ፋርማሲው ለእነሱ ይከፍላል፣ እነሱ ደግሞ ለጉድአርኤክስ ያካፍላሉ። መድኃኒቱም ዋጋውም በኩባንያው እጅ አይደለም፤ ትልቁ ሥጋት እዚህ ላይ ነው።

ሥጋቱ በ2022 በተግባር ታየ። ክሮገር የተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት በአንዳንድ መድኃኒቶች ላይ ቅናሹን አልቀበልም ሲል፣ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ወረደ። ዓመታዊ ገቢውም ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተራመደም፤ በ2021 745 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው በ2024 792 ሚሊዮን አካባቢ ነው። አማዞንም በኖቬምበር 2020 የራሱን ፋርማሲ ከፍቶ ተፎካካሪ ሆኗል።

ትርፉን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ኩባንያው የሚያጎላው «የተስተካከለ» ትርፍ ለሠራተኞች በአክሲዮን የሚሰጠውን ክፍያ ከወጪ አይቆጥርም። ያ ክፍያ ሲቆጠር 2024 እንኳ በኪሳራ ነው የተዘጋው። እንዲህ ያለውን ክፍያ የሚሸከመው ባለአክሲዮኑ ስለሆነ ከሂሳቡ መውጣት የለበትም።

እምነትም ዋጋ አለው። በ2023 ኩባንያው የተጠቃሚዎችን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ ለኩባንያው ትንሽ ነው፤ የሚወስደውን መድኃኒት የገለጸለት ታካሚ ቅሬታ ግን ትንሽ አይደለም።

በተስፋ በኩል፣ የመድኃኒት አምራቾች ምርታቸውን በቅናሽ ለማቅረብ በቀጥታ የሚከፍሉት ገቢ በ2024 ከ100 ሚሊዮን ዶላር አልፏል። ይህ ገቢ በፋርማሲዎች ፈቃድ ላይ ያለውን ጥገኝነት ስለሚያቀል፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲወጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው።